ለሁለተኛው ፕሮግራም የተቀባው ቁጥር

ለተከበሩ ጓድ ገብረክርስቶስ
የመሥሪያ ቤታችን የንብረት ክፍል ኃላፊ
ነቀምቴ፣ ሐምሌ 1981 ዓ.ም.

የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ከሰኔው ቆጠራ ወዲህ ወገብዎን እንደሚያምዎ ሰምቼ አዝኛለሁ፤ ወንበር ሁሉ እየገለበጡ ቁጥር ማየት ቀላል ሥራ አይደለም። እኔ የኮምፒውተር ሠራተኛው ተረፋ ባቻ ነኝ፤ ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት ውለታዎን ሠራተኛው ሁሉ እንዲያውቅልዎ ብዬ ነው።

1ኛ፦ እንደሚያውቁት በኮምፒውተራችን ውስጥ የምንጽፈውን ትእዛዝ እየተቀበሉ የሚያስፈጽሙ ሁለት ፕሮግራሞች ነበሩ። አንደኛው ከማሽኑ ጋር የመጣው ሲሆን የሠፈራ መንደሮቹን መዝገብ በየተራ ከመክፈት በቀር ሌላ አይሆንለትም። ሁለተኛውን እኔ ከአዲስ አበባ ሥልጠና በዲስኬት አመጣሁት፤ እሱ በአንድ ትእዛዝ የስድሳ ሦስቱን መንደሮች መዝገብ አዳርሶ ስም ይፈልግ ነበር። እርስዎ በንብረት መቀበያው ቅጽ፣ በሞዴል 19፣ ገቢ አልሆነም ብለው የማሽኑን ክዳን አስፈቱና በባትሪ እያበሩ ፈለጉት። ስላላዩት «የጎደለ ንብረት» ተብሎ ተጻፈ፤ ጎደለ የተባለውንም እስኪመዘገብ ድረስ ከማሽኑ እንዳጠፋ አዘዙኝ። አጠፋሁት፤ ምን ላድርግ!

2ኛ፦ ዲስኬቱን ለምዝገባ ባስረከብኩ በሳምንቱ፣ እንደ ወንበሩና እንደ ጠረጴዛው ሁሉ፣ በነጭ የዘይት ቀለም ቁጥር 214 ተጽፎበት ተመለሰልኝ። የጽሕፈቱ ማማር! ቀለሙ ግን በቀዳዳው ገብቶ ውስጡን ስላጣበቀው ማሽኑ አያነበውም። ሁለተኛው ፕሮግራም እንግዲህ በእርስዎ መዝገብ ላይ በሕጋዊ መንገድ ይኖራል፤ ሌላ የትም የለም። ስለ ጥንቃቄዎ እግዜር ይስጥልኝ።

3ኛ፦ አዴ ድንቅነሽ የሚባሉትን ሠፋሪ እናት በየቅዳሜው በራችን ላይ ተቀምጠው ያዩአቸዋል። በ1977 ከወሎ ለሠፈራ ሲጫኑ የስድስት ዓመት ልጃቸው ጸሐይወርቅ በሌላ መኪና ተጭና የት መንደር እንደወረደች እስከ ዛሬ አያውቁም። ከሠፈራ መንደራቸው ከአንገር ጉቲን በእህል መኪና ላይ እየተንገላቱ ይመጣሉ። የፍለጋውን ትእዛዝ ለሁለተኛው ፕሮግራም ጽፌ ጨርሼ፣ ቅዳሜ ይምጡ ብያቸው ነበር፤ ቆጠራው ሐሙስ ሆነ። አንደኛው ፕሮግራም ያን ትእዛዝ ጭራሽ አይገባውም። አሁን ስም በስም በዓይኔ እየፈለግሁ አሥራ አንደኛው መንደር ላይ ነኝ፤ በሳምንት የተፈቀደልኝ ሁለት ሰዓት ነው፤ ማሽኑም በመስከረም ወደ አዲስ አበባ ይመለሳል። እውነቱን ልናገርና፣ የማገኛት አይመስለኝም። ይህን ለእሳቸው ለመናገር ግን አንጀቴ አልችል ብሏል።

ወንበርዎን ከነቁጥሩ ያጽናልዎ እያልኩ፣ ዲስኬት ቁጥር 214ን በጥሩ ይዞታ ለመረከቤ የፈረምኩት
ታዛዥዎ ተረፋ ባቻ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አዴ ድንቅነሽ አንድ ነገር እንድጽፍልዎ ለምነውኛል። ወንበር ሲጎድል ኮሚቴ ተቋቁሞ ቢሮ ለቢሮ እንደሚፈለግ እዚሁ በር ላይ ተቀምጠው አይተዋል፤ ልጃቸውን ግን በአራት ዓመት ውስጥ ጎድላለች ብሎ የጻፈ ሰው አላገኙም። በሚቀጥለው ቆጠራ ከጎደለ ንብረት ተርታ እንዲያስገቡላቸው በትሕትና ይጠይቃሉ።