ባለሁለት በር መኪና ስለ መረጡልን የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ መልካሙ ደሞዝ፣
የደንገል በር ጤና ጣቢያ ቦርድ ሰብሳቢ፤

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ እርስዎም ባለቤትዎም ልጆችዎም ከወገብ ሕመም፣ ከጉልበት ቁርጥማትና ከመኪና የኋላ ወንበር ተጠብቃችሁ በሙሉ ጤና እንድትከርሙ እመኛለሁ። እኔ ፍሬ ስብሐት እባላለሁ፤ ባሕር ዳር ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የአማርኛ መምህር ነኝ። ወደ ዘጌ በሚወስደው መንገድ፣ ከጤና ጣቢያዎ ወዲያ በሐይቁ ዳር የሚኖሩት የመሪጌታ ጥዑመ ልሳን ልጅ ስሆን፣ በሰኔ ወር በወሊድ ምክንያት ከሞት አፋፍ የተመለሰችው የፀደንያ ወንድም ነኝ። ጤና ጣቢያዎ ለእህቴ ጉዳት አባቴን ተጠያቂ አድርጎ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፈው ወረቀት እንዲነሣልን በጸሐፊዎ በኩል ደጋግሜ ለምኜ መልስ ስላጣሁ፣ ይህን በአደባባይ ለመጻፍ ተገደድሁ። ሥራ እንደሚበዛብዎ አውቃለሁና አልተቀየምሁም። ይልቁንም ከልመናዬ በፊት ስላደረጉልን ነገር ሁሉ በየተራ ላመሰግንዎ እወዳለሁ።

፩. ስለ መኪናዋ ውበት

ባለሙያዎቹ በሽተኛ የሚያስተኛ፣ በሩ የበዛ ረጅም መኪና ሲጠይቁ፣ እርስዎ አርቀው አስበው ይህችን ነጭ፣ አጭር፣ ባለሁለት በር የቅንጦት መኪና ስላመጡልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በርክክቡ ዕለት እኔም ነበርሁ። ትንሽ ብትሆንም ግርማ እንዳላት፣ በጠባብ መንገድ እንደ ልቧ እንደምትዞር፣ ጭቃም ዳገትም እንደማይበግራት፣ ወንበሯ እውነተኛ ቆዳ መሆኑን፣ የኋላ መስኮቷ ጠቁሮ የተሳፋሪን ክብር እንደሚጠብቅ፣ የውጭ ጫጫታ ወደ ውስጥ፣ የውስጡም ወደ ውጭ እንደማያልፍ፣ ቁልፉን የያዘው ሰው ራቅ ሲል ደግሞ በሮቿ ራሳቸውን ቆልፈው ከውስጥም ከውጭም እንደማይከፈቱ በዝርዝር አስረድተውናል። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብሁ።

እውነቱን መደበቅ አልፈልግም፤ መኪናዋ ታምራለች። ዘንባባ በተተከለበት የባሕር ዳር ጎዳና ስታልፍ እኔው ራሴ ዞር ብዬ ያየኋት ጊዜ አለ። ገበያ መሐል በሁለት ባጃጆች መካከል ተሸጉጣ ትቆማለች፤ በጣሪያዋ መስታወት ሰማይ ይታያል። ገና ልጅ ያልወለዱ ባልና ሚስት እሑድ እሑድ ሐይቁ ዳር ዓሣ ሊበሉ ቢወጡባት ከእሷ የተሻለ አልመክራቸውም። ጥፋቷ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ቢሆን የእሷ አይደለም፤ ምጥ ለያዛት ሴት እንድትደርስ መላኳ ነው።

፪. ስለ ሁለቱ በሮች

በዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ እህቴን ምጥ ሲይዛት ባሏ ቆጋ መስኖ ሥራ ላይ ነበር። ስልኩም አልሠራ ስላለ አባቴ ምርኩዛቸውን ይዘው እስከ ጤና ጣቢያዎ ድረስ በእግራቸው መጡ። አዋላጇ ሲስተር አገርነሽ አልዘገየችም። ነገሩን እንደ ሰማች የፊቱን ወንበር አጥፋ ወደ ኋላ ገባች፤ ፊት የሽማግሌ ቦታ ነውና። አባቴ በዝግታ መኪናዋ ጋ ሲደርሱ ወንበሩ ወደ ቦታው ተመልሶ ነበር፤ ሾፌሩ አስናቀም ደግፎ አስቀመጣቸው። እሳቸው እስከዚያች ቀን በተሳፈሩበት መኪና ሁሉ ከኋላ ለሚቀመጥ ሰው የራሱ በር ነበረው።

ቤት ሲደርሱ አባቴ ወረዱና በጨዋ ደንብ በሩን ቀስ አድርገው ዘጉ። አስናቀ የአዋላጇን ቦርሳ አንጠልጥሎ ቀድሞ ሮጧል፤ የእጅ ስልኳም እዚያው ቦርሳ ውስጥ ነበር። ቦርሳውን ከደጃፉ ለሴቶቹ አቀብሎ ፊቱን አዙሮ ወደ አጥሩ ተመለሰ። አባቴም ወደ ሐይቁ ዞረው ውዳሴ ማርያም መድገም ጀመሩ። እርስዎም የአገሩ ልጅ ነዎትና ያውቁታል፤ በእኛ ዘንድ ሴት በምታምጥበት ቤት ወንድ ወደ በሩ አያይም። ስለዚህ ወንዶቹ አዋላጇ ገብታለች ብለው ጀርባቸውን ሰጡ፤ ሴቶቹም ቦርሳውን ስላዩ አሁን ትገባለች ብለው ጠበቁ። አዋላጇ ግን በቆዳው ወንበር ላይ፣ ከጠቆረው መስታወት ጀርባ፣ ክብሯ ተጠብቆ ተቆልፎባት ነበር።

መስታወቱን ስትደበድብ መኪናዋ መጮኽ ጀመረች። አስናቀ የሰፈር ልጆች የነካኳት መስሎት፣ ያውም የምታምጠውን ሴት እንዳትረብሽ ብሎ፣ ከአጥሩ ሥር ሆኖ ማጥፊያውን ተጭኖ ጸጥ አሰኛት። እንደገና ጮኸች፤ እንደገና ጸጥ አሰኛት። አባቴ ውዳሴ ማርያሙን ፈጽመው ወደ መልክአ ማርያም ሲሻገሩ ነው ጎረቤታችን ወይዘሮ የሺመቤት እጃቸው በደም ርሶ ብቅ ብለው አዋላጇ የት ቀረች ያሉት። አባቴም ከእናንተ ጋር አይደለችም ወይ ብለው መለሱላቸው። ያን ጊዜ የአባቴ ፊት ምን እንደ መሰለ ወይዘሮ የሺመቤት ዛሬም ሲያነሡት ያለቅሳሉ።

፫. ስለ ወንበሩ ንጽሕና

አስናቀ ሮጦ ከፍቶላት አዋላጇ እስክትደርስ ሕፃኗ በጎረቤት እጅ ተወልዳ አለቀሰች፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የእህቴ ደም ግን አልቆመም። ወደ ሆስፒታል ሊወስዷት ከኋላ ሊያስተኟት ሲሞክሩ፣ ራሷ ሲገባ እግሯ ውጭ ይቀራል፤ እግሯን ሲያስገቡ ወገቧ በታጠፈው ወንበር ይያዛል። ሲስተር አገርነሽ አጠገቧ ተንበርክካ እንድትረዳት ቦታ የለም። በዚያ ላይ አስናቀ፣ ቆዳውን ያቆሸሸ ከደመወዙ እንደሚቆረጥበት የሚል በእርስዎ ፊርማ የወጣ ትእዛዝ ስላለበት፣ የሚያነጥፈው ላስቲክ ፍለጋ ከቤት ቤት ይሯሯጥ ነበር። አልፈርድበትም፤ ልጆች አሉት።

በመጨረሻ ያደረሳት በመንገዱ ሲያልፍ የተገኘ ባጃጅ ነው። ባጃጅ፣ ተሳፍረውበት እንደሆነ፣ አንድም በር የለውም። በአንዱ ጎን አስገብተው አጋደሟት፤ እግሯ በሌላው ጎን ወጣ ብሎ፣ ሲስተር አገርነሽ እቅፍ አድርጋ ይዛት ባሕር ዳር ገባች። ሐኪሞቹ ነፍሷን አተረፉላት፤ ዳግመኛ ግን አትወልድም። ወንበርዎ አለመቆሸሹን ከአስናቀ ሰምቼ በእርስዎ ፈንታ ተጽናናሁ።

፬. ስለ ማስታወቂያው

ቦርድዎ ጉዳዩን ሊያጣራ ነው ሲባል ተስፋ አድርጌ ነበር። የማጣራቱ ውጤት በሰሌዳው ላይ ሲወጣ፣ የመዘግየቱ ምክንያት ተሳፋሪው መሪጌታ ጥዑመ ልሳን የመኪናውን በር ያለ አግባብ በመዝጋታቸው መሆኑን ገልጾ፣ ኅብረተሰቡ ከመሰል ጥፋት እንዲቆጠብ ያሳስባል። ስለ በሮቹ ማነስ፣ ስለ መስታወቱ፣ ስለ ቁልፉ አንዲት ቃል የለችበትም። ይባስ ብሎ መኪናዋ ስለ ተወደደች እኅቷን ለዘጌ ወገን ለማምጣት በሚቀጥለው ሳምንት ልታጸድቁ ነው ይባላል። አጻጻፉ ግን ጥሩ ነው፤ እንደ መምህርነቴ አንድም የፊደል ስሕተት አላገኘሁበትም። በዚያ መንደር ትልቁንም ትንሹንም ፊደል ያስቆጠሩት አባቴ ናቸውና ሕዝቡ ሁሉ ያለ አንባቢ እርዳታ አንብቦታል።

እሳቸውም ቆመው አነበቡት። ከዚያ ወዲህ ማሕሌት አልቆሙም። ለልጅ ልጃቸው ስም ሊያወጡላት የነበሩት እሳቸው ነበሩ፤ እስካሁን ስም የላትም። ደግሞ በር አይዘጉም። ነሐሴ ነው፤ ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ ዝናቡን እስከ መደባቸው ያደርሰዋል። ሰው ሲዘጋላቸው ተነሥተው ይከፍቱታል። ባለፈው ቅዳሜ ሄጄ ልዘጋው ብል እጄን ያዙኝና «ተወው ልጄ፤ አንድ ጊዜ ዘግቼ ያየሁት ይበቃኛል» አሉኝ። እርጥቡ መደብ ላይ አብሬአቸው ተቀመጥሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም፤ የተናደድሁትም በእርስዎ ነው።

ልመናዬ እንግዲህ ይህ ነው። ካሳ አልጠይቅም፤ ወንበርዎንም አልመኝም፣ የፊቱንም ሆነ የቢሮውን። ያንን ወረቀት በገዛ እጅዎ ይንቀሉና ይዘውት አባቴ ቤት ይምጡ፤ ከፊታቸው ተቀምጠው ጥፋቱ የእርስዎ አልነበረም ይበሏቸው። እኔ ደጋግሜ ብያቸዋለሁ፤ ልጅ ነኝና ለማጽናናት ያልሁ ይመስላቸዋል። ማኅተም ያለው ሰው የከሰሳቸውን ማኅተም ያለው ሰው ካልሻረላቸው ልባቸው አያርፍም። እየደከሙ ነው፤ ይህ ብርድ መስከረምን እንዳያሳያቸው እፈራለሁ። ሁለተኛዋን መኪና ለማጽደቅ ብዕር ከማንሣትዎ በፊትም ለዘጌ እናቶች በሯን ይቁጠሩላቸው።

የቆዳው ወንበርዎ ከእድፍ፣ ስምዎ ከሐሜት፣ ቢሮዎም እንደ እኔ ካለ ነዝናዛ ተጠብቆ እንዲኖር እየተመኘሁ፣ ያጨበጨብሁበትን እጅ ይዤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣዎት፣

ፍሬ ስብሐት ጥዑመ ልሳን
ባሕር ዳር፣ ነሐሴ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለመምጣት ከፈቀዱ በዚያችው መኪና ከኋላ ተቀምጠው እንዲመጡ በትሕትና እለምናለሁ፤ የፊቱን ወንበር በመንገድ ለሚያገኙት ሽማግሌ ይልቀቁለት። ተቆልፎብኝ እቀራለሁ ብለው ግን አይስጉ። ደጃፍ ሲደርሱ አባቴ ራሳቸው ወጥተው ያስወርዱዎታል፤ እሳቸው ከሰኔ ወዲህ በማንም ላይ በር አይዘጉም።