ከጀሞ ሕንፃዎች ጀርባ የገባችው ኮከብ

ሰኞ

መጀመሪያ ይህ ይታወቅ፦ ልጆቹን አልተቆጣኋቸውም። አልማዝ፣ እነዚህን ገጾች እንደተለመደው በስልክ ፎቶ አንስቼ ስልክልሽ «ጽጌ መቼም አንዱን አስደንግጠሽ ይሆናል» እንደምትይ አውቃለሁ። ጎን ለጎን ክፍል ስንት ዘመን አስተማርን! በዚህ አትጠርጥሪኝ።

ጉዳዩ ይህ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የብሎካችንን ልጆች ኮከብ አሳያለሁ። ፀሐይ ከገባች በኋላ፣ ልብስ በሚሰጣበት ግቢ፣ እራት እስኪደርስ ድረስ። ለእያንዳንዱ ልጅ አንዳንድ ኮከብ ሰጥቻለሁ፤ ከሳምንት ሳምንት ቦታዋን ስትለውጥ እንዲከታተል። የልጁን ስም ከእናቱ ስም ጋር ጠይቄ ይዣለሁ፤ ሲመሽ «የናሆም እናት!» እያልኩ ከምጮህ ሴትዮዋን በስሟ ልጥራት ብዬ። ሥርዓት ያለው አሠራር ነበር።

ባለፈው ዓርብ ሁለት ልጆች ብቻ መጡ። ዛሬ ማንም አልመጣም። ምን ይሆን?
ፈተና? ገና ነው።
ብርድ? ጥር አልቋል።
ቴሌቪዥን? መብራት ጠፍቶ ነበር።

መብራት በመጥፋቱ ሰማዩ እንዲህ ጠርቶ አይቼው አላውቅም። ብቻዬን አንጋጥጬ ቆየሁና አንገቴን ሲያመኝ ገባሁ።

ማክሰኞ

ናሆምን ደረጃ ላይ አገኘሁት።

«ምነው ጠፋህ?»

«እማዬ ናት ቲቸር። እጅህ ላይ ኪንታሮት ይወጣል አለችኝ።»

«እሱ ኮከብ ለሚቆጥር ነው የሚባለው። እኛ መቼ ቆጠርን?»

«እኔም ብያታለሁ!» አለና ጣቶቹን አገላብጦ አይቶ ሮጠ።

የኪንታሮቱን ነገር እኛም በልጅነታችን ሰምተነዋል፤ ማንንም ከደጅ አላስቀረም። ታዲያ አሁን ምን አዲስ ነገር መጣ? ቧንቧው ጋ ስደርስ ሴቶቹ ወሬያቸውን አቆሙ። ታች ሱቅ ያላት ብርቄ ደግሞ «እንደምን አመሹ?» አለችኝ። አመሹ! ኮንዶሚኒየሙ ከደረሰን ቀን ጀምሮ «አንቺ» ስትለኝ የኖረች ሴት። አርጅቼ ይሆን? መስታወት አየሁ፤ እንደ ትናንቱ ነኝ።

ረቡዕ

ብርቄ አንድ እጅ ሙዝ ይዛ መጣች። በሩን ራሷ ዘጋችው።

«እትዬ፣ ልጄ ሊያገባ ነው» አለች በሹክሹክታ።

«እንኳን ደስ ያለሽ! ታዲያ ምን ያንሾካሹክሻል?»

«ልጁን ያውቁታል፣ ቢኒያም ነው። እናቱ እኔ ነኝ፣ ብርቄ። ልጅቷ ሰላም ትባላለች፤ እናቷ ትርፌ።» መልስ እንደምትጠብቅ ሆና አየችኝ። እኔም አየኋት። «ይገጥማል?»

«ምኑ?»

«ኮከባቸው ነዋ! ለሕፃናቱ እንዲያ ሲሠሩላቸው ለኔ ጊዜ ይጠፋል?»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ስም፣ የእናት ስም፣ ከዚያ «ያንተ ኮከብ ይቺ ናት»። ኮከብ ቆጣሪ የሚጠይቀውንና የሚናገረውን አንድ በአንድ፣ በቅደም ተከተል፣ ሳላጓድል አድርጌዋለሁ። እንዴት አልታየኝም?

«ብርቄ፣ እኔ ሳይንስ ነው የማስተምረው።»

«እሱማ ልክ ነው፣ ማን በአደባባይ ያወራዋል?» ብላ ጠቀሰችኝ። ሙዙን መልሺ ብላት እምቢ አለች። ልጆቹ ስለ መጋባታቸው ምን እንዳልኳት ስትጠየቅ ምን እንደምትመልስ እግዜር ይወቅ።

ሐሙስ

ቤት ለቤት ዞሬ ላስረዳ ተነሣሁ። የናሆም እናት እስክታነባ ሳቀች፤ ልጁን ግን እልካለሁ አላለችም። ሌላዋ በሩን ገርበብ አድርጋ «እኛ ጸበል ነው የምናውቀው» ብላ ዘጋችው።

መጨረሻ የደረስኩት እማማ ራህማ ዘንድ ነው፤ የትንሿ ሐያት አያት ናቸው።

«እማማ፣ ስለ ኮከቡ ነገር...»

«መምህርት፣ እኛ ዘንድ ሐራም ነው። አንቺ ያን እንደማትሠሪም አውቃለሁ። እኔን የጨነቀኝ ሌላ ነው። ልጅቷ እህል አልቀምስም አለች።»

የሐያት እናት ዘይነባ ነፍሰ ጡር ናት። ግፊቷ ከፍ ብሎ ሆስፒታል ተኝታለች። ይህን አልሰማሁም ነበር። በዚያው ሰሞን የሐያት ኮከብ ጠፋች።

ለእሷ ወደ ፉሪ ተራራ አቅጣጫ ብቻዋን የምታበራዋን ሰጥቻት ነበር። አይ የኔ ነገር! በምዕራብ ያለች ኮከብ በየምሽቱ ዝቅ እያለች እንደምትሄድ እኔ አጣሁት? አሁን ከሕንፃዎቹ ጀርባ ናት። ልጅቷ ግን ኮከቧ ሞተች ብላ ነው የያዘችው።

«ሌላ አንዷን አሳያትና ‹ይኸው ተመለሰች› በያት» አሉኝ። «ምን አለበት? ሐራሙን እኔ እሸከመዋለሁ።»

ነገ ማታ ሐያትን ግቢ እንደምወስዳት ነግሬያቸው ወጣሁ።

ዓርብ

ሐያትን ግቢ ወሰድኳት። እጄን አልለቀቀችም።

«ኮከብሽ አልጠፋችም። ከሕንፃው ጀርባ ነው የገባችው።»

«እንሂድና እንያታ።»

«ብንሄድም ብዙ አትቆይም። ፀሐይ እየቀረበቻት ነው። ከፋሲካ ወዲያ ግን ጎህ ሳይቀድ በዚያ በኩል ትወጣለች።» ምሥራቁን አሳየኋት።

«ቲቸር፣ የኔ እኮ አይደለችም» አለች። «ለእማዬ ሰጥቻታለሁ። ሆስፒታል ስትሄድ ‹እስክመጣ አንቺ ጠብቂልኝ› ብላኛለች።» ከዚያ «ፋሲካ ሩቅ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

እራት እንብላ አልኳት። ሁለት ጉርሻ በላች፤ ለኔ ስትል ይመስለኛል።

ሰኞ ዕለት ዘይነባን በቀዶ ጥገና ሊያዋልዷት ነው። እሑድ ጠዋት እማማ ራህማ ሐያትን ይዘዋት ሊጠይቋት ይሄዳሉ፤ እናትዋ ስለ ኮከቧ መጠየቋ አይቀርም። ነገ ማታ ልጅቷ ግቢው ውስጥ ትጠብቀኛለች። ከፉሪ ትንሽ ወደ ግራ፣ በደቡብ በኩል፣ ከሐያት ኮከብ የበለጠ የምታበራ አንዲት ነጭ ኮከብ አለች። ጣቴን ብቀስር ታምነኛለች።

ስሕተት መሆኑን እያወቅሁ ለልጅ ልክ ነው ብዬ አላውቅም። ግን ያልበላች ልጅ ፊት ልኩ የቱ እንደሆነ ዛሬ ጠፍቶብኛል። እውነቱን ነግሬያት ፋሲካ እስኪደርስ ስታስብ ልትከርም ነው። ብዋሻትስ? ነገ ዓመት ራሷ ያወቀች ዕለት ምን እላታለሁ?

አልማዝ፣ አንቺ ብትሆኚ የቷን ታሳያታለሽ? በአጭሩም ቢሆን ጻፊልኝ፣ ካልሆነ ደውይ። ብቻ ነገ ሳይመሽ መልሺልኝ።