ስለ ሰፋው ስንጥቅ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ አገኘሁ፣
የነባሩ የገበያ ሕንፃ እድሳትና ማስፋፊያ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ ተከራዮችዎ፣ ከልብስ ሰፊው ከአቶ ሙሉሰው ቀኝ ክንድ በቀር፣ አላህ ይመስገን ደህና ነን። ይህን የምጽፍልዎ አባቴ በነገደበት ሱቅ ዛሬም ጨርቅ የምሸጠው መዲና ነኝ።

አንደኛ፣ ቃልዎን ስላከበሩ አመሰግናለሁ። በስብሰባው ላይ «አሮጌውን ሳንነካ አዲሱን ከጎኑ እናቆማለን» ብለውን ነበር። እውነትም የድንጋይ ግድግዳውን አልነኩትም፤ በኤክስካቫተር ያስወጡት ከሥሩ ያለውን አፈር ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ግድግዳው መሰንጠቁን ልንነግርዎ ከአቶ ሙሉሰው ጋር ቢሮዎ በመጣን ጊዜ ሳይቆጡ ተቀብለውናል። «እሱ የቆየ ስንጥቅ ነው ወይዘሮ መዲና፤ ሥራችሁን ሥሩ» አሉን። በማግስቱም ሠራተኛ ልከው በሲሚንቶ አስለሰኑት። ከዚያ ወዲህ ስንጥቁ ስለማይታየን የፈራነው እንዲያው ያለ ማስረጃ ነው።

ሦስተኛ፣ በገበያው ቀን ዝናቡ ወርዶ ጉድጓድዎን ሞላው። ከጣሪያው አፈር መርገፍ ሲጀምር ገበያተኞቼን ገፍቼ አስወጣሁ። የአቶ ሙሉሰው ሱቅ በር ግን መቃኑ ተጣሞ አልከፈት አለ። «መዲና፣ በሩ ያዘኝ!» ብሎ ሲጮህ እሰማለሁ፤ ብገፋ፣ ብገፋ አልንቀሳቀስ አለኝ። እህል ነጋዴዎቹ ሮጠው መጥተው የመስኮቱን ብረት በዲጂኖ ነቅለው ጎትተው አወጡት። እግሩ መሬት ከመርገጡ ግድግዳው ተናደ፤ አንዱ ድንጋይ ክንዱን ሰበረው። በማስፋፊያዎ እስካሁን የሰፋው ስንጥቁ ብቻ ሲሆን፣ ሰፊው ደግሞ መስፋት አቁሟል።

ትናንት ኤክስካቫተሩ በቀረው ግድግዳ በኩል ዞሮ መጣ። እኛም ድካምዎን ለማቅለል ያህል፣ የጀመረውን ጉድጓድ በአካፋ መልሰን ደፍነን ፊቱ ተቀመጥን። ሹፌሩ ግድግዳውን ቀና ብሎ አየና «እኔስ ከዚህ ሥር መቆም መቼ ፈለግሁ?» ብሎ ሞተሩን አጠፋ። ከኮሚቴዎ ውጭ የሆነ መሐንዲስ መሠረቱን እስኪመረምር ድረስ ከዚያ አንነሳም። ሕንፃው እንዲታደስ ከማንም በላይ የምንፈልገው እኛ ነን፤ ሰው ሳይቀበርበት ብቻ።

በግማሽ ጣሪያ ሥር ሆና ለእርስዎ ሙሉ ጤናና ረጅም ዕድሜ የምትመኝ፣
መዲና ያሕያ

ማስታወሻ፦ ግድግዳው ከወደቀ በኋላ «አደጋ አለ፣ አትጠጉ» የሚል ማስታወቂያ ስላሰቀሉልን ከልብ እናመሰግናለን። የወደቀው ዳግመኛ ስለማይወድቅ፣ ማስታወቂያውን ነቅለን ከቢሮዎ በር ላይ ሰቅለነዋል።