ሠላሳ አንድ ሽምብራ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3። ጠዋት 1፡30

ሠላሳ አንድ። ያው እንደ ቅዳሜው። ግራ ኪሴ ከብዷል።

አንድ ወፍ፣ አንድ ሽምብራ፤ ከቀኝ ኪስ ወደ ግራ። ፋብሪካ ላብራቶሪ ስሠራ ብልቃጥ የምቆጥረውም እንዲሁ ነበር። ወረቀት ላይ የሚጭር ሰው አቀርቅሮ ቀና እስኪል ወፉ ቦታ ይቀይርበታል።

ቅጹን ሞላሁ፦ ሳቢሳ፣ አሸዋው ዳር፣ 31። አሸዋው ሳይደፋ ሠላሳ አራት ነበር። ግድቡን የሚያለማው ቢሮ ጡረተኛውን እኔን የቀጠረኝ ይህን እንድመለከትለት ነው፤ ለመዝናኛ ብለው የግድቡን ጥቁር ጭቃ አሸዋ ሲያለብሱት እነዚህ ነጫጭ ወፎች ይሸሻሉ ወይ? እኔ ይሸሻሉ ባይ ነበርኩ። አሸዋው ጭቃው ውስጥ ያለውን ትል ያፍነዋል፤ ትል ከሌለ ሳቢሳ ምን ሊበላ ይቆማል? ግን ይኸው ቆመዋል። ተሸነፍኩ። ይሁን።

አንድ ነገር፦ ውሻ በመሃላቸው አለፈ፤ አንዱም አልተነሳ። ለምደውት ይሆናል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 5። ከሰዓት

ሁለተኛው የዓይን መርፌ። ልጄ ሜሮን ከቱሉ ዲምቱ መጥታ ወሰደችኝ። ሚኒባስ ውስጥ እንደ ሕፃን እጄን ያዘች። ተናደድኩ፤ ግን አልለቀቅኳትም።

ሐኪሟ ደግማ አስረዳችኝ። ስኳሩ ዓይኔ ውስጥ፣ ከጀርባ በኩል፣ ውሃ አስቋጥሯል። ድሮ የነበረው ጨረር ብቻ ነበር፤ እሱም ያለችውን ብርሃን ያቆያል እንጂ የሄደውን ብዙም አይመልስም። ይህ አዲሱ መርፌ ግን ውሃውን ያደርቃል፤ የሄደው ብርሃን ሊመለስም ይችላል። መግባቱን እንጂ ሕመሙን አላወቅኩም። ለአንድ ሳምንት ውሃና አቧራ ክልክል።

ስንመለስ ሜሮን ቢሮው ዓይኔ መታመሙን ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ወሬ ቀየርኩባት። ደብተር፣ ላንቺ ልንገርሽ፦ አያውቅም። ቢሮ ውስጥ የሚጠሩኝ ጋሽ ዓይናማው እያሉ ነው። እንዴት ብዬ ልንገራቸው?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 7

አልወጣሁም። አቧራ። ቅጹ ባዶ እንዳይሆን 31 ብዬ ጻፍኩ። የት ይሄዳሉ?

ከታች ያለው ባለሱቅ ከድር፣ የስልጤው፣ መርፌው ዓይኔ ውስጥ መግባቱን ሲሰማ ስምንተኛው ሺህ ብሎ ጮኸ። ከዚያ መሳቅ ጀመረ። ባለፈው ወር እሱን ትቼ ለሚዛኑ ሰላም ብዬ አልፌያለሁ አለ። ውሸታም! ምናልባት ግን እውነቱን ይሆናል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ዛሬም ቤት። ዛሬም 31። እጄ ከቅዳሜው ይልቅ ፈጠነ።

የቢሮው ኢንጂነር ደወለ። ደስ ብሎታል። የኔን ቅጾች አያይዞ ለአለቆቹ ልኳል፤ አሸዋው ወፍ አልነካም ተብሎ ተቀባይነት አገኘ። ሰኞ ጠዋት መኪኖቹ በማዶ ያለውን ዳር መድፋት ይጀምራሉ። ሳይሸፈን የቀረው ጭቃ እሱ ብቻ ነው። ጋሽ ዓይናማው ባይኖሩ አንድ ወር እንጓተት ነበር ብሎ አመሰገነኝ።

እኔም ምንም አይደል አልኩ።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

ከድር ሱቅ። ከላይኛው መደርደሪያ ያለውን የሳሙና ካርቶን አንብብ አለኝ፤ አይ፣ ያንብቡ ነው ያለው፣ ልጁ ሥርዓት አለው። አነበብኩ። ከሥሩ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍም ጭምር። አልሐምዱሊላህ አለ። እኔም ተመስገን አልኩ። ዓይኔ እንባ አዘለ፤ መድኃኒቱ ነው አልኩት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14። ጠዋት 2፡00

አምስት።

ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ። አምስት ሽምብራ።

ሃያ ስድስቱ ማዳበሪያ ነው። አሸዋ የሞላ ነጭ ማዳበሪያ። ውሃው አሸዋውን እንዳይወስድባቸው ዳር ዳሩን ደርድረውታል። አፉ በሲባጎ ታስሮ ወደ ላይ ቀጥ ብሏል። ብዥ ላለ ዓይን አንገት ነው። አንድ ወር ሙሉ ማዳበሪያ ስቆጥር ከርሜአለሁ!

ተንበርክኬ አሸዋውን ቆፈርኩ፣ እስከ ክርኔ። ደረቅ አሸዋ፣ ከሥሩ የገማ ጭቃ፣ የሞተ ቀንድ አውጣ። አንድም ትል የለም። ዞሬ ወደ ማዶ ሄድኩ። እዚያ አንድ እፍኝ ጭቃ ባነሳ መዳፌ ውስጥ ተርመሰመሰ። አምስቱ ሳቢሳዎችም የቆሙት ወደዚያው ተጠግተው ነው።

አፈርኩ። እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ ብዬ አፈርኩ።

እሁድ፣ ኅዳር 15። ከቀኑ 9፡00

ለሜሮን ነገርኳት። ዓይኔ ባሰብኝ ብለህ ሥራውን ተው፣ ማን ይጠይቅሃል አለችኝ። ለኔ አዝና ነው። ሐሳቡ ጣፈጠኝም፤ አልዋሽሽም።

ለከድር ነገርኩት። ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ ባንኮኒው ላይ ተደፋ። ከዚያ ቀና አለና፣ ታዲያ ነገ መኪኖቹ ሊደፉ አይደል እንዴ አለኝ። ዳቦዬን ይዤ ወጣሁ።

10፡30

ለቢሮው ደብዳቤ ጻፍኩ። ሃያ ስድስቱ የራሳችሁ ማዳበሪያ ነው። ዓይኔ ታሞ ነበር፣ ደብቄአችኋለሁ። ይህ ቀላሉ ነበር። ሁለቱን ቅጾች ቤቴ ቁጭ ብዬ ነው የሞላኋቸው የሚለው ዐረፍተ ነገር ግን ሦስት ወረቀት አስቀደደኝ። እሱን ዓይኔ አይደለም ያደረገው።

11፡15

ለኢንጂነሩ ደወልኩ። ጋሽ ዓይናማው ብሎ አነሳው። ሁሉንም ነገርኩት። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ፤ ጋሼም ቀረ፣ አቶ ታደሰ ሆንኩ። አሁን ይህን ለማን ልንገር አለኝ። እኔንጃ አልኩት። ጠዋት መኪኖቹ ሳይደርሱ ና፣ ማዶ ቆመን አብረን እንቁጠር፣ በራስህ ዓይን እይ አልኩት። እመጣለሁም አልመጣምም ሳይል ዘጋው።

ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ እዚያ እሆናለሁ። ቢመጣም ባይመጣም መኪኖቹ የሚያልፉበት መንገድ ላይ ነው የምቆመው። ኪሴን አራግፌአለሁ።

አምስት ሽምብራ ይበቃኛል።