ጃኬቴን የሚይዝ ሰው

ስማ ወንድሜ፣

ተኝተህ ስለነበር አልቀሰቀስኩህም። ብቀሰቅስህም እንደ ሰሞኑ ፊትህን ወደ ግድግዳው አዙረህ ነው የምትመልስልኝ።

ወደ ድንጋይ ካባው ሄጃለሁ። ነገ አንዲት ተመራቂ ከእናቷ ጋር እዚያ ፎቶ ትነሳለች፤ ሰው ከማቆሜ በፊት ቦታውን በደንብ ልየው ብዬ ነው። ከዝናቡ በኋላ ጠርዙ ላይ ያለው ድንጋይ ይላላል። መብራቱንም እዚያው ልሞክረው ነው፤ ነፋሱ ማቆሚያውን እንዳይጥልብኝ እግሩ ላይ የማስረውን ጀሪካን በውሃ ሞልቼ ወስጃለሁ፤ ብታጣው እንዳትነጫነጭ።

እናትና ልጅን ከጠርዙ አርቄ አቆማቸዋለሁ። የሚያሰጋኝ የራሴ ነገር ነው። ካሜራው ዓይኔ ላይ ካለ ወደ ኋላ ስሄድ እግሬ የት እንደሚያርፍ አላውቅም። ድሮ አንተ ጃኬቴን ከኋላ ጨምድደህ ይዘህ፣ "በቃ፣ ከዚህ ወዲያ ሰማይ ነው" ትለኝ ነበር። አሁን ከኋላዬ ገመድ እወጥራለሁ። ገመድ ግን አይቀልድም።

አዲሱ ሥራህ ጊዜ እንደማይሰጥህ ይገባኛል። አልተቀየምኩህም። ብቻ አንድ ቀን እንኳ…
ተወው።

ምሳህ ድስቱ ውስጥ አለ፤ አሙቀህ ብላ። ስትወጣ የጓሮውን በር ቆልፍ። መሽቶ ካልመጣሁ ለካባው ዘበኛ ደውልላቸው፤ ቁጥራቸውን ፍሪጁ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ያቺን እየጎተትክ ጫፏን ያሰፋሃትን ጃኬት ዛሬ አልለበስኳትም፤ በሩ ጀርባ ተሰቅላለች። ነገ ጠዋት ስወጣ ተነስተህ ካገኘሁህ እለብሳታለሁ።