የሾላኪው ንፋስ ዶክተር

ውድ እማዬ፣

ይህን ደብዳቤ ቤት ውስጥ ሆነሽ አታንብቢው። ወንበርሽን ይዘሽ ደጅ ውጪና አንብቢው። የሚያመጣልሽ ሰው መስኮትሽን ሳያስከፍት እንዳይሰጥሽ አስምዬዋለሁ፤ ግን አንቺን ስለማውቅሽ እሱ ዞር ሲል መልሰሽ ትዘጊዋለሽ ብዬ እፈራለሁ። ስለዚህ አንብበሽ እስክትጨርሺ አትነሺ። ካውያው ይቀዝቅዝ። የሰው ልብስ ሳይተኮስ አንድ ቀን ቢያድር ማንም አይሞትም።

የምጽፍልሽ መሥሪያ ቤት ሆኜ ነው። ሹፌራችን ታች ካርቶን እየጫነ ነው፤ ሲጨርስ ይህን ይዞ ወደ አንቺ ከተማ ይነሳል። አሳምሬ ለመጻፍ ጊዜ የለኝም። እዚህ ያደረሰንም አሳምሬ መጻፌ ነው።

ሥራ ያገኘሁ ቀን በስልክ ምን እንዳልሽኝ ታስታውሻለሽ? «አራት ዓመት ተምረሽ ሥራሽ ምን ሆነ?» አልሽ። «ማስታወቂያ መጻፍ» አልኩሽ። «ምን ብለሽ?» «እንደ ዕቃው ነዋ።» ሳቅሽብኝ። በመጀመሪያ ደሞዜ ያን ሬዲዮ የላኩልሽ የጻፍኩትን እንድትሰሚልኝ ብዬ ነበር። ያን ሰሞን የመሥሪያ ቤቱን ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ነበር የምወጣው።

አለቃችን ሰው ሲያለቅስም ሲጣላም የሚለው አንድ ቃል ስለሆነ «አትደንግጡ» እንለዋለን። አንድ ቀን ሰብስቦን አንድ ጥቅልል ጠረጴዛው ላይ ወረወረ። የመስኮት ማሸጊያ ነው፤ ባንድ ጎኑ የሚለጠፍ ስስ ስፖንጅ። አንድ ነጋዴ መጋዘን ሙሉ አስመጥቶ ገዢ አጥቷል።

«ሰው ለምን መስኮቱን ያሽጋል?» አለን።

«ብርድ እንዳይገባ» አልኩት።

«ብርዱ የት አለ? ብርድ ከሌለ ፍርሃት አምጪ።»

አመጣሁለት። ስሙንም «ሾላኪ ንፋስ» አልኩት። በመስኮት ስንጥቅ ሾልኮ የሚገባ፣ ዓይን የማያየው፣ ሰውን ውስጥ ውስጡን የሚበላ ንፋስ። እንዲህ ያለ ነገር የለም፣ እማዬ። ሰኞ ጠዋት ሻይ እየጠጣሁ የፈጠርኩት ነው። ምልክቶቹን ስጽፍ አትደንግጡ ከኋላዬ ቆሞ «ማንም ሰው የማያጣውን ጻፊ» አለኝ። ጻፍኩ፦ ራስ ምታት፣ ድካም፣ ማቅለሽለሽ፣ ብድግ ሲሉ ማዞር።

ዶክተር ሆኖ የሚያነብልን ሰው አጥተን ሳለ ሹፌራችን በር ላይ ብቅ ብሎ «መኪናዋ ዘይት ትፈልጋለች» አለ። ድምፁ ክፍሉን ሞላው። «እስቲ ድገመው» አለ አትደንግጡ። ያኑ ዕለት ነጭ ጋውን አልብሰው ፎቶ አነሱት፤ የማሸጊያው ካርቶን ላይ የምታይው ፊት የሱ ነው። «እኔ እኮ መርፌ ሳይ የምሸሽ ሰው ነኝ» ቢል ማን ይስማው።

ከዚያማ የሆነውን አንቺም ሰምተሻል። አንድ ዘፋኝ ፍቅረኛውን «ሾላኪ ንፋስ» ብሎ ዘፈነላት። የጠዋቱ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ግማሽ ሰዓት ሙሉ ተወያየበት፤ የተጋበዘው ምሁርም ጢሙን እያሻሸ «ጥልቅ ጥናት ያስፈልገዋል» አለ። የኔ የሻይ ሰዓት ፈጠራ ጥናት አስፈለገው። እኔስ? ላልዋሽሽ፣ ኮርቼ ነበር። ታክሲ ውስጥ አንዲት ሴትዮ «ኧረ ዝጉት፣ ሾላኪው ሊጨርሰን ነው» ስትል፣ አጠገቤ ለተቀመጠው ሰው «የጻፍኩት እኔ ነኝ» ልለው ምንም አልቀረኝም።

ያን ሰሞን ነው የደወልሽልኝ። «ሰው ሁሉ አሽጓል፤ ለእናትሽ አትልኪም?» አልሽ። ሠራተኛ በነፃ ስለሚወስድ አራት ጥቅልል ላኩልሽ። ካውያሽን ስለምታሞቂበት የከሰል ምድጃ አንዴም አላሰብኩም። አራቱንም ስጠቀልል አንዴም።

ባለፈው ሳምንት «ራሴን ይፈልጠኛል» አልሽኝ። «ትናንት ከካውያው ቀና ስል ዞሮብኝ ግድግዳ ያዝኩ። ሾላኪው ነው። በበሩ ሥር ትንሽ ክፍተት ቀርቶኛል፤ ዛሬ እሷንም እደፍናታለሁ።»

 ማስታወቂያዬን ነበር ቃል በቃል የምታነቢልኝ። የሚያዞርሽ ግን የከሰሉ ጭስ ነው፤ መውጫ አሳጥተነው። ያስተማርሽኝም አንቺው ነሽ። ልጅ ሆኜ በብርድ እየተንቀጠቀጥኩ መስኮቱን ልዘጋ ስል «ነክተሽው ብቻ!» ትይኝ ነበር። ከሰል ባለበት ክፍል መስኮት የዘጋ ሰው እንደተኛ ይቀራል ብለሽ አስፈራርተሽ ነው ያሳደግሽኝ። ሠላሳ ዓመት በካውያ ስትኖሪ ያወቅሽውን እኔ በሠላሳ ሰከንድ አስረሳሁሽ።

«እማዬ፣ ክፈቺው፤ ከሰሉ ነው» አልኩሽ።

«ደግሞ ከዶክተሩ ልትበልጪ ነው?»

«ዶክተር የለም። እኔ ነኝ የጻፍኩት።»

«የኔ ልጅ መቼም ያልሠራሽው የለም» ብለሽ ሳቅሽ። «በገዛ ድምፁ ሲናገር ሰማሁት እኮ።»

ሹፌሩን ለምኜ አስደወልኩልሽ። ጆሮው ላይ ዘጋሽበት። ወዲያው ለኔ ደውለሽ «አንድ አጭበርባሪ የዶክተሩን ድምፅ ቁርጥ አድርጎ አስመስሎ ደወለልኝ፤ ባንኩ በሬዲዮ ተጠንቀቁ የሚለን እንዲህ ያለውን ነው» አልሽኝ። የባንኩንም ማስታወቂያ የጻፍኩት እኔ ነበርኩ።

ጎረቤትሽ ጋ ደወልኩ። «እናትሽማ ትናንት ወድቃ ነው ያነሳናት» አለችኝ። «ሾላኪው እንዲህ ሲጨክን እኛም ፈርተን የልጆቹን ክፍል አሽገናል። ለሙቀቱም ምድጃውን እዚያው አስገባንላቸው።» አውጪው ብዬ ጮህኩባት። «ሬዲዮኑ እንዲያ አላለም» አለችኝ፣ እንደ መቆጣት ብላ።

ትናንት አትደንግጡ ቢሮ ገባሁ። ማስታወቂያው ላይ አንድ መስመር እንጨምር፣ «ከሰል የሚያነድ ሰው ግን መስኮቱን ይክፈት» እንበል አልኩት።

«መስኮት ክፈቱ የሚል የመስኮት ማሸጊያ?» ብሎ ሳቀ። እኔ አለመሳቄን ሲያይ ተወው። «ማስታወቂያ ውስጥ 'ግን' አይገባም። አትደንግጪ። እናትሽ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ራሳቸውን ሊያማቸው ይችላል።»

ከቢሮው ወጥቼ ሹፌሩን ቀረጻ ክፍል አስገባሁት። ለሬዲዮ ጣቢያው ቀረጻውን በፍላሽ የማደርሰው እኔ ነኝ፤ ከፍቶ የሚያዳምጥልኝ የለም። ዛሬ በሦስት ሰዓት የማስረክበው ትናንት ሁለታችን የቀረጽነውን ነው። ስድስት ሰዓት ላይ፣ ከዜናው በፊት፣ ዶክተሩ «ሾላኪ ንፋስ የሚባል ነገር የለም፤ ከሰል የምታነዱ ሁሉ አሁኑኑ መስኮታችሁን ክፈቱ» ይላል። ከመኪናው ጋር ሳልመጣ የቀረሁት ለዚህ ነው። ሁለቴ ወርጄ ጋቢናው ውስጥ ተቀምጬ ሁለቴም ወረድኩ። የጎረቤትሽ ልጆች ክፍል ከሐሳቤ አልወጣ አለኝ። ስንት እንዲህ ያለ ክፍል እንዳለ አላውቅም።

ከነጋ ሦስት ጊዜ ደውዬልሽ አላነሳሽም። ካውያ ይዘሽ ስልክ እንደማታነሺ አውቃለሁ። አውቃለሁ፤ ግን በግራ እጄ ደግሜ እየደወልኩልሽ ነው የምጽፈው፤ ጽሑፌ ቢወላገድብሽ ለዚያ ነው።

ሹፌሩ ጋውኑን ይዟል። ገና እዚሁ ለብሶት «አልከፍትም ካሉኝስ?» አለኝ።

«ካርቶኑን አምጥተው ፊትህን ያመሳክሩ።»

«እሱንም ካላመኑ?»

«መስታወቱን ስበረው።»

«እኔ ነኝ ዶክተር» አለ፤ ለመሳቅ ሞክሮ አልሆነለትም።

እማዬ፣ ላንድ የመጨረሻ ጊዜ ዶክተር ነኝ ብሎ ይዋሽሽ። ደጅ ተቀምጠሽ ይህን እያነበብሽ ከሆነ ግን እውነቱን እወቂው፤ ሹፌር ነው። የአምስት ሰዓት መንገድ ነድቶልሽ ነው የመጣው፤ ውሃ ስጪው። ከዚያ ጋውኑን ሳያወልቅ ጎረቤትሽ ጋ ይዘሽው ሂጂ።

ፍላሹን ካስረከብኩ በኋላ ወደዚህ አልመለስም፤ የሚያስገባኝም አይኖርም። የአምስት ሰዓቱን አውቶቡስ እይዛለሁ፤ የዶክተሩንም ቃል መንገድ ላይ ሆኜ እሰማዋለሁ። ስወርድ ከአስፋልቱ ማዶ መጀመሪያ የሚታየኝ መስኮትሽ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ በሱ ብቅ ብለሽ «እጅሽን ሳትታጠቢ ልብሱን እንዳትነኪ» ትይኝ ነበር። ዛሬ ብትሰድቢኝም፣ ባታናግሪኝም ምንም አይደል። ብቻ ክፍት ሆኖ ልየው።

ሹፌሩ ክላክስ እያደረገ ነው።

መስኮትሽን ያሸገችብሽ ልጅሽ