ሁለት ነጥብ ስለሰጡኝ እናት

ለክቡር አቶ ቶለሳ በዳሳ
የምክር አገልግሎት ጥራት መለኪያ ክፍል ኃላፊ

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ፣ ቤተሰብዎና ኮምፒውተርዎ እንዴት ሰነበቱ? እኛ ጉለሌ ባለችው ትንሿ ጤና ጣቢያችን ቅጽ እየሞላን ደህና ነን።

በሥነ ልቦና ተመርቄ ሥራ ከጀመርኩ ስምንተኛ ወር ሆነኝ። ባለጉዳይና አማካሪ ምን ያህል እንደተግባቡ ከአንድ እስከ አምስት የሚለካ፣ አሥራ ሁለት ጥያቄ ያለው ቅጽ ስለላኩልን ከልብ አመሰግናለሁ፤ ከዚያ በፊት የሰው ፊት እያየን በግምት ነበር የምንሠራው። ይሁንና ጥቂት አቤቱታ እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

አንደኛ፦ ማንበብ ለማይችሉ አማካሪው ራሱ ያንብብላቸው ስለተባለ፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ «አማካሪዬን አምናታለሁ የሚለው ላይ ስንት ልበል?» እላለሁ። ከሽሮ ሜዳ የመጡ አንድ ሸማኔ አሥራ ሁለቱንም አምስት ካሉ በኋላ፣ አለቆቼ ከሥራዬ እንዳያባርሩኝ ሰግተው መሰለኝ፣ «ከአምስት በላይ የለውም?» ብለው ጠየቁ። መርቀውኝ ወጡ፤ አልተመለሱም። ክፍልዎ ስለ እሳቸው «እጅግ የላቀ ግንኙነት» የሚል የምስጋና ወረቀት ልኮልኛል።

ሁለተኛ፦ አንዲት የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ፣ ስማቸውን ለውጬ ወይዘሮ ታየች ልበላቸው፣ አምስት ሳምንት ሙሉ ማክሰኞ ማክሰኞ እየመጡ ስለ ጉልበታቸው ሕመምና ስለ አፈር መወደድ ብቻ አወሩኝ፤ ሁሌም አምስት ሰጡኝ። በስድስተኛው ሳምንት ከቤት ወጥቶ ስለቀረው ልጃቸው ጀመሩ። እኔም ከመጓጓቴ የተነሳ «ይገባኛል» አልኩ። «አንቺ ሳትወልጂ ምኑ ነው የሚገባሽ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከዚያ አለቀሱ፣ ብዙም ነገሩኝ። ቅጹን ሳነብላቸው አሰብ አደረጉና «ዛሬስ አልዋሽሽም፣ እምነቱን ሁለት በይው ልጄ። የማክሰኞ ሰው ይበለንና እናየዋለን» አሉ። እንደዚያ ሁለት ያስደሰተኝ ውጤት ዩኒቨርሲቲም አላገኘሁም። እንዳሉት ጻፍኩት። ጥፋቴ እሱ ነው።

በቀጣዩ ሰኞ ደብዳቤዎ ደረሰ፤ የእምነት ነጥቡ ከሦስት በታች ስለወረደ ባለጉዳይዋ ዊንጌት አካባቢ ወዳለ ሌላ አማካሪ ተዛውረዋል ይላል። ለእሳቸውም ከክፍልዎ ተደውሎ ተነገራቸው። ለክትባት የመጣች ጎረቤታቸው እንደነገረችኝ ግን፣ «ክፉ ተናግሬያት ልጅቷ ተቀየመችኝ፣ አባረረችኝ» ብለው ቤታቸው ተቀምጠዋል። ዊንጌትም አልሄዱም። ወደ ተዛወረ ባለጉዳይ መደወል ለእኛ ክልክል ነው። ሦስት ጊዜ አመለከትኩ፤ ሦስቴም የአቤቱታ አቀባበላችሁን የምለካበት ቅጽ ተላከልኝ።

ዝውውሩ ይሰረዝ ብዬ አላደክምዎትም፤ እንደማይሆን ገብቶኛል። ከክፍልዎ አንድ ሰው ብቻ ደውሎ «አልተቀየመችም» ይበልልኝ። በቃ፣ ሌላ ምንም አልጠይቅም።

ነጥብዎ ከአምስት ዝቅ እንዳይል እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሣ ታናሽ ሠራተኛዎ፣
ጀና ፈድሉ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ስለ ቅጹ ባሠለጠኑን ዕለት፣ ስለ እርስዎ አሠለጣጠን የሞላነውን መጠይቅ እርስዎ ራስዎ አጠገባችን ቆመው ነበር የሰበሰቡት። ሃያ ሁለታችንም በሁሉም ጥያቄ አምስት ሰጥተንዎታል።